ስታዲዮሙ የሚሰፋው ለማን ነው?

አንድ የእግር ኳስ ክለብ ሜዳው ሊይዘው ከሚችለው በላይ ተመልካች በሩ ላይ ሲሰለፍበት ምን ማድረግ ይገባዋል? ጥያቄው ለመልስ ቀላል ይመስላል። ቤቱ ከጠበበ ማስፋት ነው የሚለው ሰው ብዙ ነው። ሌላው ደግሞ ሰልፍ ዛሬ አለ፥ ነገ የለም፤ በሰልፍ ተማምኖ ሚሊዮን ማፍሰስ የሞኝ ሥራ ነው ይላል። ሦስተኛው ወገን፥ በተለይም የኢኮኖሚክስ ትምህርት የሚከታተሉ ጓደኞቻችን፥ ሰልፍን የሚያጠፋው ግንበኛ ሳይሆን ዋጋ ነው፤ ትኬቱን ማስወደድ ነው ይሉናል። ይህ ክርክር ቅዳሜና እሑድ የእንግሊዝ አገር ጨዋታ በታየ ቁጥር በመኝታ ክፍሎቻችንና በምግብ አዳራሹ ይነሣል። እኛም የበኩላችንን ሐሳብ በዚህ ገጽ ለማቅረብ ወደድን።

ሐሳባችንን ከወዲሁ ግልጽ እናድርግ። ሰልፉ እውነተኛ ከሆነ ክለቡ ስታዲዮሙን ማስፋት ይገባዋል። ነገር ግን የሚጨመረው መቀመጫ ተሰልፎ ለቆየው ሰው፥ ያ ሰው ሊከፍለው በሚችለው ዋጋ መሰጠት አለበት። ይህ ካልሆነ ክለቡ የሕዝቡን ፍላጎት አሟላሁ ሊል አይችልም፤ ያደረገው ነገር ቢኖር ድኻውን ተሰላፊ በሀብታም እንግዳ መለወጥ ብቻ ነው። ነገሩን በደፈናው ከመናገር አንድ ክለብ ይዘን ብንመረምር ይሻላል ብለን የሊቨርፑልን ታሪክ መርጠናል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የሊቨርፑል ክለብ የተመሠረተው በ1892 ነው። የመመሥረቱም ምክንያት ራሱ የሜዳ ጉዳይ ነበር። አንፊልድ በተባለው ሜዳ ከ1884 ጀምሮ ይጫወት የነበረው ኤቨርተን በኪራይ ነገር ከሜዳው ባለቤት ከጆን ሆልዲንግ ጋር ተጣልቶ ስለ ወጣ፥ ሆልዲንግ ባዶ ለቀረው ሜዳ አዲስ ቡድን አቋቋመለት። በሌላው ዘንድ ቡድን ሜዳ ይፈልጋል፤ በዚህ ግን ሜዳው ቡድን ፈልጎ አገኘ ማለት ነው።

በ1906 ከአንደኛው ጎል በስተኋላ ሕዝብ የሚቆምበት ትልቅ ደረጃ ተሠራ። ስሙም ኮፕ ተባለ። ስያሜው የተወሰደው በ1900 በደቡብ አፍሪካ በተደረገው የቦር ጦርነት ከሊቨርፑልና ከአካባቢዋ የዘመቱ ብዙ ወታደሮች ካለቁበት ከስፓየን ኮፕ ኮረብታ ነው። በአዲስ አበባ ስታዲዮም ካታንጋ የሚባለውን ሥፍራ የሚያውቅ አንባቢ በዚህ አይደነቅም፤ እኛም በጦርነት ዝናው የተሰማ የኮንጎ ክፍለ ሀገር ስም ለመቀመጫችን ሰጥተናልና። ኮፕም ሆነ ካታንጋ ዋጋው ለሠራተኛው የሚቀምስ፥ ጩኸቱና ዘፈኑ ግን የስታዲዮሙ ነፍስ የሆነ ሥፍራ ነው። በ1952 ሊቨርፑል ከዎልቭስ ጋር ሲጋጠም 61,905 ሰው አንፊልድ ገብቶ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሜዳው የጠበበው ተመልካች ስለ ጠፋ አይደለም። በ1989 በሸፊልድ ከተማ በሂልስቦሮ ስታዲዮም በደረሰው መጨናነቅ 97 የሊቨርፑል ደጋፊዎች ሕይወታቸውን አጡ። በዚያ ጊዜ ጥፋቱ በደጋፊዎቹ ላይ ተላከከ፤ በ2016 ግን የፍርድ ሸንጎ ሟቾቹ ከሕግ ውጭ እንደ ተገደሉና ደጋፊዎቹ ጥፋተኞች እንዳልነበሩ ወሰነ። ከአደጋው ቀጥሎ ዳኛ ቴይለር ባቀረቡት ጥናት መሠረት በከፍተኛው ዲቪዚዮን የሚጫወቱ ክለቦች ከ1994 ጀምሮ መቆሚያውን ሁሉ በወንበር እንዲለውጡ ታዘዙ። ኮፕም ወንበር ሲገባለት የሚይዘው ሰው ወደ 12 ሺህ ወረደ፤ አንፊልድም በጠቅላላው ወደ 45 ሺህ ሰው የሚይዝ ሆነ። ፍላጎቱ ግን እየጨመረ ሄደ። የዓመት ትኬት ለመግዛት ስማቸውን አስመዝግበው ተራ የሚጠብቁ ሰዎች በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሆኑ፤ አባት ያስመዘገበውን ተራ ልጅ ይጠብቅ ጀመር። እንግዲህ ይህ ሰልፍ የአንድ ሰሞን ወረት ነው የሚል ማን ነው?

አሁን ወደ ተቃዋሚዎቻችን እንመለስ። ማስፋት ኪሣራ ነው የሚሉት ያለ ምክንያት አይናገሩም። በሰሜን እንግሊዝ የሚገኘው የዳርሊንግተን ክለብ በአራተኛው ደረጃ ሲጫወትና ጥቂት ሺህ ሰው ብቻ ሲያየው፥ በ2003 ወደ 25 ሺህ የሚጠጋ መቀመጫ ያለው አዲስ ስታዲዮም ሠራ። ለመክፈቻው ከ11 ሺህ በላይ ሰው መጣ፤ ከዚያ በኋላ ወንበሩ ባዶውን ቀረ። ዓመቱ ሳያልቅ ክለቡ ዕዳውን መክፈል አቅቶት በሕግ ባለአደራ እጅ ወደቀ፤ በ2012ም ስታዲዮሙን ጥሎ ወጣ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር የሚባለው ይህን የመሰለውን ነው። አርሰናልም እንኳ በ2006 ከሃይበሪ ወጥቶ 60 ሺህ ሰው ወደሚይዘው አዲስ ስታዲዮም ሲገባ ሰልፉ እውነተኛ ነበር፤ ነገር ግን የግንባታው ዕዳ እጁን አሠረው፤ ጥሩ ጥሩ ተጫዋቾቹን እየሸጠ ከ2005 እስከ 2014 ድረስ አንድም ዋንጫ ሳያነሣ ቆየ። የአርሰናል ደጋፊ የሆኑ ጓደኞቻችን ይህን ከእኛ የበለጠ ያውቁታል።

ከነዚህ ታሪኮች የምንማረው አታስፋ የሚለውን ሳይሆን ለክተህ አስፋ የሚለውን ነው። ሊቨርፑልም ይህን የተማረው ብዙ ጊዜ ካባከነ በኋላ ነው። ከአንፊልድ አጠገብ ባለው በስታንሊ ፓርክ 60 ሺህ ሰው የሚይዝ አዲስ ስታዲዮም ሊሠራ ከ2002 ጀምሮ ዕቅድ ተነድፎ ነበር። በ2007 ክለቡን የገዙት አሜሪካውያን አካፋው በ60 ቀን ውስጥ መሬት ይነካል ብለው ቃል ቢገቡም አንድ ድንጋይ አልተጣለም፤ ዕዳው ግን ክለቡን ወደ ገደል አፋፍ አድርሶት በ2010 ለሌሎች ተሸጠ። አዲሶቹ ባለቤቶች በ2012 የነበረውን ሜዳ ደረጃ በደረጃ ለማስፋት ቈረጡ። በ2016 ዋናው ትሪቡን 8,500 ያህል መቀመጫ ተጨመረለት፤ በ2021 የተጀመረው የአንፊልድ ሮድ ትሪቡንም፥ ተቋራጩ በመካከል ቢከስርም፥ በ2024 ተፈጽሞ 7 ሺህ ያህል ተጨመረ። ስታዲዮሙም ወደ 61 ሺህ የሚይዝ ሆነ። ይኸውም ኮፕ በቁመት በሚሞላበት ዘመን የነበረውን ቁጥር ከ70 ዓመት በኋላ መልሶ ማግኘት ማለት ነው።

ማስፋቱ ግን ያለ በደል አልተፈጸመም። አንፊልድ የሠራተኞች መኖሪያ በሆነ ጠባብ ሠፈር መካከል ያለ ሜዳ ነው። ክለቡ በዙሪያው ያሉትን ቤቶች ለወደፊት ይሆኑኛል እያለ ቀስ በቀስ ገዝቶ ብዙዎቹን ለዓመታት መስኮታቸው በጣውላ እንደ ተመታ ባዶ አስቀራቸው። ባዶ ቤት ጎረቤቱን ያረክሳል፤ ያልሸጡት ነዋሪዎችም የቤታቸው ዋጋ በዓይናቸው እያየ ወረደ። ክለቡ ምን እንዳሰበ በግልጽ ቢነግራቸውና ተገቢውን ዋጋ በጊዜ ቢከፍላቸው ኖሮ ይህ ሁሉ ምሬት ባልመጣ ነበር። ደጋፊውን ለማስደሰት የጎረቤቱን ኑሮ ማጨለም እንዴት ተገቢ ሊሆን ይችላል?

የትኬት ዋጋ ይጨመር ለሚሉት ጓደኞቻችን ደግሞ መልሱን የሰጡት ራሳቸው ደጋፊዎቹ ናቸው። ዋናው ትሪቡን ተሠርቶ ሊያልቅ ጥቂት ወራት ሲቀሩት፥ በ2016 መጀመሪያ ላይ፥ የክለቡ አስተዳዳሪዎች የሚቀጥለውን ዓመት ዋጋ አስታወቁ። ከፍተኛው የአንድ ጨዋታ ትኬት ከ59 ወደ 77 ፓውንድ ከፍ አለ። በ9 ፓውንድ የሚሸጡ ጥቂት ትኬቶችም መኖራቸውን ሳንጠቅስ ማለፍ አይገባንም፤ ዳሩ ግን ሕዝቡ ያየው አቅጣጫውን ነበር። በየካቲት ወር ከሰንደርላንድ ጋር በተደረገው ጨዋታ ሰዓቱ 77ኛው ደቂቃ ላይ ሲደርስ ወደ 10 ሺህ የሚገመት ሰው ከመቀመጫው ተነሥቶ ወጣ። ቡድናቸው በዚያን ጊዜ 2 ለ 0 ይመራ ነበር፤ ጨዋታው ግን 2 ለ 2 አለቀ። በጥቂት ቀናት ውስጥ ባለቤቶቹ ይቅርታ ጠየቁ፤ የ77ቱን ዋጋ ሰረዙ፤ ከፍተኛው በ59 ፓውንድ እንዲጸና አደረጉ።

እስቲ ነገሩን እንመልከተው። ሕዝቡ ለዓመታት ሜዳው ይስፋልን ብሎ ጠየቀ፤ ሜዳው ሲሰፋ ግን የመጀመሪያው ወሬ የዋጋ ጭማሪ ሆነ። ከተጨመሩትም ወንበሮች ጥቂት ያልሆኑት ከምግብና ከመጠጥ ጋር ለድርጅት እንግዶች የሚሸጡ ናቸው። ኢኮኖሚስቱ ዋጋ ሲወጣ ሰልፉ አጠረ ብሎ ይደሰት ይሆናል። ሰልፉ ያጠረው ግን ፍላጎቱ ስለ ተሟላ አይደለም፤ የተሰለፈው ሰው ተስፋ ቈርጦ ወደ ቤቱ ስለ ተመለሰ ነው። በመጽሐፍ ላይ ሁለቱ አንድ ዓይነት መስመር ይሆናሉ፤ በሰው ሕይወት ግን የተለያዩ ናቸው።

ክለቡ ያለዚህ ገንዘብ አይኖርም የሚለውም ክርክር የጸና አይደለም። ሊቨርፑልን የመሰለ ክለብ ከበር ከሚሰበስበው ይልቅ ከቴሌቪዥንና ከንግድ ውል የሚያገኘው ይበልጣል። ቴሌቪዥኑስ የሚገዛው ምንድን ነው? ሃያ ሁለት ሰዎች ኳስ ሲራገጡ ብቻ አይደለም፤ የኮፕን ዘፈን ጭምር ነው እንጂ። በ2020 ሊቨርፑል ከ30 ዓመት በኋላ የሊጉን ዋንጫ ሲያነሣ በወረርሽኙ ምክንያት ስታዲዮሙ ባዶ ነበር። በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ፥ የተጫዋቾች መጎዳት ቢጨመርበትም፥ ለ68 የሊግ ጨዋታዎች በሜዳው ያልተሸነፈው ቡድን በዚያው ባዶ ሜዳ ስድስት ጊዜ በተከታታይ ተሸነፈ። ተመልካቹ የቡድኑ አንድ ክፍል እንጂ ደንበኛ ብቻ አለመሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ነገር የለም።

በጀርመን አገር ዶርትሙንድ ይህን ተረድቶታል። ስታዲዮሙን እያሰፋ ከ80 ሺህ በላይ ሰው እንዲይዝ ሲያደርግ፥ በደቡቡ በኩል 25 ሺህ ያህል ሰው ቆሞ በርካሽ ዋጋ የሚያይበትን ሥፍራ አላጠፋም። ሀብታሙም አጠገቡ ባለው ትሪቡን ውድ ወንበር ይገዛል፤ የሚገዛውም የደቡቡን ትሪቡን ለማየት ጭምር ነው።

ነገሩ የውጭ አገር ወሬ ብቻ ነው የሚለን አንባቢ ቢኖር አገሩን ያስታውስ። በ1962 አዲስ አበባ ስታዲዮም ላይ ቡድናችን የተባበረችውን ዐረብ ሪፐብሊክ 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ ሲወስድ ሕዝቡ በቦታው ነበር። በሰኔ 2022 ግን ስታዲዮሞቻችን የአፍሪካን ኮንፌዴሬሽን መመዘኛ ባለማሟላታቸው ግብጽን 2 ለ 0 ያሸነፍንበት የሜዳችን ጨዋታ የተደረገው በማላዊ፥ በሊሎንግዌ ነው። ድሉ የእኛ ነበር፤ ሕዝቡ ግን ከቴሌቪዥን ፊት ነበር። ስለዚህ በአገራችንም ስታዲዮም ሲሠራና ሲታደስ ስንት ሺህ ይይዛል ብለን ብቻ አንጠይቅ፤ ካታንጋ የሚቀመጠው ሰው በአዲሱ ወንበር ላይ ቦታ አለውን ብለን ደግሞ እንጠይቅ።

እንግዲህ ክለብ ስታዲዮሙን ለማስፋት ሲነሣ አራት ነገር ሊፈጽም ይገባዋል እንላለን። አንደኛ፥ ሰልፉን በታላቅ ግጥሚያ ቀን ሳይሆን በተራ ጨዋታ ቀን ይቍጠር። ሁለተኛ፥ ከአዲሱ መቀመጫ ምን ያህሉ ለተራ ጠባቂዎችና ለከተማው ነዋሪዎች እንደሚሆንና ዋጋውን መሠረቱ ሳይጣል ያስታውቅ። ሦስተኛ፥ ለጎረቤቶቹ ዕቅዱን በግልጽ ይንገር፤ ቤታቸውንም ከወሰደ በጊዜውና በተገቢው ዋጋ ይክፈል። አራተኛ፥ ዕዳው ቡድኑን እንዳይበላው ደረጃ በደረጃ ይሥራ።

ይህን ለማድረግ የማይፈቅድ ክለብ ሜዳውን ባያሰፋ ይሻለዋል። ጠባብ ሜዳ ቢያንስ በሩ ላይ የቆሙትን ሰዎች ወደፊት እንገባ ይሆናል ብለው እንዲጠብቁ ያደርጋቸዋል፤ ሰፍቶ የተወደደ ሜዳ ግን ያንን ተስፋ ይነጥቃቸዋል። ከዚህ የተለየ ሐሳብ ያላችሁ ጓደኞቻችን፥ በተለይም እናንተ የዋጋ ነገር አዋቂዎች፥ መልሳችሁን ለሚቀጥለው እትም እንጠብቃለን።