ቀዝቃዛ መጋዘን ብቻውን ፍሬ አያድንም



የደጋ ፍሬ የሚያለሙ ገበሬዎች ቀዝቃዛ መጋዘን ይሠራልን ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ዳሩ ግን ብርድ ብልሽትን ያዘገያል እንጂ የተበላሸውን አያድንም።

ፒር የተባለውን ፍሬ እንመልከት። ዛፍ ላይ ከበሰለ ከውስጥ ስለሚላሽቅ፣ ገና ጠንካራ ሳለ በጥንቃቄ ይለቀማል፤ ሳይውል ሳያድርም ይቀዘቅዛል። ከዜሮ በታች 1 ዲግሪ አካባቢ፣ እርጥበቱ ከመቶ 90 በላይ በሆነ አየር ከተቀመጠ አንዳንዱ ዓይነት 6 ወር ይቆያል። መጋዘኑ በደንብ ካልተናፈሰ ግን ውስጡ ይጠቁራል፤ ከልክ በላይ ከቆየም ወደ ሙቀት ቢያወጡት አምሮ አይበስልም።

ስለዚህ ግንቡ ከመቆሙ በፊት ለቃሚውና ጠባቂው ይማሩ እላለሁ፤ ሳይቃጠል በቅጠል ነውና። አለዚያ የገበሬው ድካም በውድ መጋዘን ውስጥ ይበሰብሳል።

አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር