ከድንገተኛ ክፍል እስከ ራጅ ክፍል ማን ያድርሰው?

የድንገተኛ ሕክምና ነገር ሲነሳ ቀድሞ ወደ አፋችን የሚመጣው አምቡላንስ ነው። ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ እንጦጦ በሚወጣው ዳገት፣ መኪና በማይገባበት ቅያስ ለሚኖር ሰው፣ 907 ወይም 939 ደውሎ እንኳ እስከ አስፋልቱ መውረድ ራሱን የቻለ ፈተና ነው። ነገር ግን ጉዞው የሆስፒታል በር ላይ አያበቃም። ታዴየስና ሜይን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1994 ለእናቶች ሞት ምክንያት የሚሆኑ መዘግየቶችን በሦስት ከፍለዋል፦ ለመሄድ በመወሰን፣ ወደ ሕክምና ተቋም በመድረስና ከደረሱ በኋላ ተገቢውን ሕክምና በማግኘት ላይ የሚፈጠሩ መዘግየቶች ናቸው። አምቡላንስ የሚያቃልለው ሁለተኛውን ነው። ሦስተኛው ግቢው ውስጥ ይጠብቃል። አስታማሚ በአንድ እጁ ግሉኮስ ከፍ አድርጎ ይዞ፣ በሌላው ስትሬቸር እየገፋ፣ ካርዱን በብብቱ ሸጉጦ «ራጅ በየት በኩል ነው?» እያለ ሲጠይቅ የሚባክነው ደቂቃ የሕክምናው ጊዜ ነው። ባለሙያው ራጅ ክፍል ተቀምጦ ሕመምተኛ ይጠብቃል፣ ሕመምተኛው ደግሞ የሚገፋው ሰው።

ስለዚህ ሕመምተኛን ከክፍል ክፍል ማመላለስ ባለቤት ያለው ሥራ ይሁን እላለሁ። ሪፈርንና አልጋን የሚከታተለው የላይዘን ክፍል ጥሪውን በአንድ ስልክ ይቀበል፤ የሠለጠኑ አመላላሾችን ያሰማራ፤ ስትሬቸሩ ከተጠቀሙበት በኋላ ወደ ቦታው መመለሱን ይቆጣጠር። በየካ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ኤካ ኮተቤ ሆስፒታል በ2012 ዓ.ም. የኮቪድ ሕክምና ማዕከል ሲሆን፣ አስታማሚ እንደ ልቡ ሊገባ ስላልቻለ ሕመምተኛን ማንቀሳቀስ የሠራተኛው ኃላፊነት ሆነ። አሠራሩ ባዕድ አይደለም ማለት ነው።

«ያ ልዩ በጀት የነበረው የወረርሽኝ ጊዜ ነው» የሚል ክርክር ይነሳ ይሆናል። እውነት ነው፤ ሆኖም ያሉትን ሠራተኞችና ስትሬቸሮች በአንድ ሰው ትእዛዝ ሥር ማድረግ ከግዢ ይልቅ ውሳኔ ይፈልጋል። «ዘመድ እያለ ምን አመላላሽ ያስፈልጋል?» የሚልም አይጠፋም። ዘመድ ያጽናና፣ አጠገቡም ይሁን፤ አከርካሪው የተጎዳን ሰው ማንሳት ግን ሥልጠና ይጠይቃል፣ በፍቅር የተደረገ ስሕተትም ያሽመደምዳል። የሠራተኛ እጥረት መኖሩን አልክድም። ግን እጥረቱ የት እንዳለ የሚታወቀው ጥሪው የመጣበት፣ አመላላሹ የተነሳበትና ሕመምተኛው የደረሰበት ሰዓት ሲመዘገብ ነው። ተጨማሪ ሰው የሚጠይቅ ኃላፊም መጀመሪያ ይህን መዝገብ ይዞ ይቅረብ።