ሀይቆቹ ሜዳቸውን የሚያገኙት መቼ ነው?

የውድድር ዘመን በደረሰ ቁጥር የሀዋሳ ከተማ አሰልጣኝ ቀድሞ የሚጠየቀው “ማንን አስፈረምክ?” ተብሎ ነው። ከ2013 ዓ.ም ወዲህ ግን ከዝውውሩ የማያንስ ጥያቄ መጣ፤ ሊጉ ሀዋሳ የሚገባው መቼ ነው?

በ2012 ዓ.ም ኮሮና ሊጉን ካሰረዘው በኋላ፣ ዲኤስቲቪ ጨዋታዎቹን ማስተላለፍ ሲጀምር ክለቦቹ በሙሉ አንድ ከተማ ላይ ተሰባስበው እየተጫወቱ ወደ ሌላው ይዞሩ ጀመር። በመጀመሪያው ዓመት ሀዋሳ የደረሳት መጨረሻ ላይ ነው። አሰልጣኝ ሙሉጌታ ምህረት በአዲስ አበባ፣ በጅማ፣ በባህር ዳርና በድሬዳዋ ሲዞር ከርሞ ነው ልጆቹን ከገዛ ደጋፊያቸው ፊት ያቆመው። በ2014 ዓ.ም ደግሞ ተገላቢጦሽ ሆነ፤ ሊጉ የተከፈተው እዚያው ሀዋሳ ነው። አዲሱ አሰልጣኝ ዘርዓይ ሙሉ ሜዳውን ያገኘው ቡድኑ ገና ሳይዋሃድ ነበር። አንዱ ሲደክመው፣ ሌላው ሳይሟሟቅ!

በከማል አህመድ ጊዜ እንዲህ ያለ ጣጣ አልነበረም። ክለቡ የ1996 እና የ1999 ዓ.ም ዋንጫዎችን ሲወስድ ውድድሩ በደርሶ መልስ ነበርና ተጋጣሚ ሁሉ ወደዱም ጠሉም አዋሳ ድረስ መምጣት ነበረበት። ያን ሜዳ የሞላው ተመልካች ደግሞ የሰፈሩን ልጆች ነበር የሚያየው። በ2005 ዓ.ም በአፍሪካ ዋንጫ ዛምቢያ ላይ የአቻነቷን ጎል ያገባው አዳነ ግርማም ሆነ ሽመልስ በቀለ የዚህችው ከተማ ፍሬዎች ናቸው።

ይሁንና ዙረቱን ማመካኛ ማድረግ አያዋጣም። ገብረመድህን ኃይሌ በ2010 ጅማ አባ ጅፋርን፣ በ2011 መቀሌ 70 እንደርታን በደርሶ መልስ ሻምፒዮን አድርጎ ሲያበቃ፣ በ2017 ዓ.ም ከኢትዮጵያ መድን ጋር በዚሁ በሚዞረው ሊግም ደገመው። መድን የራሴ የሚለው ከተማና ጯሂ ደጋፊ እንኳ የለውም።

ወራት ሆቴል ውስጥ ለሚከርም ቡድን ከአንድ ውድ አጥቂ ይልቅ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ያሉት ልጆች ይበልጥበታል። በከተማ አስተዳደር በጀት የሚተዳደረው ሀዋሳም ቢሆን እንደ ባንክ ክለቦች ገንዘብ አይረጭም፤ ልጅ ማፍራቱን ግን ያውቅበታል። እናም አሰልጣኙ ዕቅዱን ሲናገር ደጋፊው ሊጠይቀው የሚገባው፣ ሊጉ ሀዋሳ እስኪደርስ ከስንት የሰፈር ልጅ ጋር ስንት ነጥብ ይዞ እንደሚመለስ ነው።