ተማሪን የሚያነቃው እንቅልፍ እንጂ ጣሳ አይደለም



የስምንተኛና የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በተቃረበ ቁጥር፣ ከደብተሩ ጎን «ኢነርጂ» የሚሉትን ጣሳ አስቀምጦ የሚያነጋ ልጅ እየበዛ መጥቷል። «ምን አለበት፣ ለስላሳ አይደል እንዴ?» የሚል ወላጅም አልጠፋም። ነገሩ ግን እንደ ለስላሳ የሚታይ አይደለም።

እንደሚታወቀው ቡና የሚያነቃን በውስጡ ባለው ካፌይን ነው። ልጅ የአቦል ሲኒ ሲያነሳ «ተው፣ ገና ነህ» ብለን የምንቆጣ ሰዎች፣ ያው ካፌይን በጣሳ ሲመጣ ዝም እንላለን። በታወቁት የኢነርጂ መጠጦች ሩብ ሊትር ውስጥ 80፣ በግማሽ ሊትር ውስጥ 160 ሚሊ ግራም ካፌይን አለ። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2015 እንዳስታወቀው፣ ለልጆች አያሰጋም የሚባለው በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት 3 ሚሊ ግራም ነው። እስቲ እናስላው፤ 45 ኪሎ የሚመዝን ልጅ ከ135 ማለፍ የለበትም። አንዱ ትልቅ ጣሳ ብቻውን ከልኩ አሳለፈው ማለት ነው። ስኳሩም በሩብ ሊትር 27 ግራም ገደማ፣ ይኸውም ከስድስት የሻይ ማንኪያ በላይ ነው።

ልብ ይመታል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል። ከሁሉ የሚብሰው ግን እንቅልፍ መንሣቱ ነው። ማታ 2 ሰዓት ከተጠጣው ካፌይን ግማሽ ያህሉ እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት ከሰውነት አይወጣም። የተጠናው ትምህርት በአእምሮ የሚረጋው ደግሞ በእንቅልፍ ነው፤ በዚህ ዕድሜ ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት ያስፈልጋል። ስለዚህ ልጁ ለፈተና ብሎ የጠጣው ራሱን ሌላ ፈተና ላይ ይጥለዋል።

ሊትዌኒያ እ.ኤ.አ. በ2014፣ ፖላንድም በ2024 ከ18 ዓመት በታች ለሆኑ እንዳይሸጥ በሕግ ከልክለዋል። በሰፈር ግን ከሕግ መተሳሰብ ይቀድማል። ባለሱቆቻችን፣ ዩኒፎርም ለብሶ ለመጣ ልጅ አትሽጡለት፤ የእናንተም ልጅ ከሌላው ሱቅ ይገዛልና።

እኛም ወላጆች ራሳችንን እንጠይቅ። ልጁ ሌሊቱን የሚያጠናው ቀኑን ውሃ ሲቀዳና ሲላላክ ስለዋለ እንደሆነስ? በፈተና ሰሞን ሥራውን እናቅልለት፤ ራቱ በጊዜ ይቅረብ፤ ማታ 3 ሰዓት ላይ ደብተሩ ይታጠፍ። የቀረ ጥናት ካለ ንጋት 11 ሰዓት ቀስቅሰን ትኩስ ሻይ በዳቦ እናቅርብለት። ከጣሳው ዋጋ ይህ ይረክሳል።