ተራዎን ይጠብቁ አባባ

ባለፈው ክረምት ቤታችን ውስጥ የተነሣውን ክርክር ላጫውታችሁ፤ በብዙዎቻችሁም ቤት ሳይኖር አይቀርም።

የልጅ ልጄ የዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመቷን ጨርሳ ከሚሴ ስትገባ፣ "አባባ፣ ለተግባር ልምምድ ቀበሌ፣ ወሳኝ ኩነት ምዝገባ ክፍል ተመደብኩ" አለችኝ። አበሏ ከባጃጅና ከምሳ አያልፍም። አባቷ፣ ማለትም ልጄ፣ አልጣመውም። "ሁለት ወር ሙሉ ለዚህች ሳንቲም? ሱቅ ብትቆምልኝ አይሻልም?" አለ። ቀጥሎም የጎረቤታችንን ልጅ አነሣ፤ በጅቡቲ በኩል ባሕር ተሻግራ ሳዑዲ ገብታ ለእናቷ ቤት ያሠራችውን።

ይህ ወሬ በእኛ አካባቢ፣ ከባቲ እስከ ሰንበቴ ይወራል። የላኩት ሲመሰገን፣ በበረሃና በባሕር የቀሩት የሚነሡት ግን በለቅሶ ቤት ብቻ ነው። ይህን እያወቅሁ እኔም ዝም አልኩ። ዝምታዬ ከልጄ ጋር መስማማት ነበር።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ፣ ለአራስ ወንድሟ የልደት ምስክር ወረቀት ላውጣ ብዬ ቀበሌ ሄድኩ። የልጅ ልጄ ከባለሙያዋ አጠገብ ተቀምጣለች። ፊት ለፊቷ አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት አሉ፤ እናቱ የሞተችበትን የልጃቸውን ልጅ ያሳድጋሉ። በኦሮምኛ ቀስ ብላ ታስረዳቸዋለች፤ ምን ይዘው እንደሚመጡ ደጋግማ ነገረቻቸውና ለሚያነብላቸው ሰው በወረቀት ጻፈችላቸው። ሴትየዋ እጇን ይዘው መረቋት።

እኔ የዘመድ ነገር ነው ብዬ ወደ ፊት አለፍ ስል፣ "ተራዎን ይጠብቁ አባባ" አለችኝ። ሰው ሳቀ፤ እኔም አፈርኩ። ተራዬ ሲደርስ ደግሞ፣ "ወላጆቹ እያሉ እርስዎ አያስመዘግቡም፤ አባቴና እናቴ ይምጡ። ሕጉ በ90 ቀን ውስጥ ይላል፤ የቀረን ጥቂት ቀን ነው" ብላ መለሰችኝ። አዋጅ ቁጥር 760/2004 እንደዚያ ይላል። አያት የሆናችሁ ልብ በሉ።

በማግስቱ ልጄ ከሚስቱ ጋር ሄደ። ማታ ሲመለስ ስለ ሱቅ አላነሣም። "ስሜ በቁቤና በአማርኛ የተጻፈው አይገጥምም ነበር፤ ሦስት ጊዜ አስደግማ አስተካከለችው" አለ። ከዚያ ሻዩን ጠጣ።

እኔ ስማር ከመምህሮቻችን አንዱ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪዎችን ዲግሪ ከመያዛቸው በፊት ለአንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛቶች ይልክ ነበር፤ አብዛኞቹም አስተማሪ ሆኑ። ወርሃዊ አበል ስለነበራቸው የድሃውም ልጅ መሄድ ችሏል። ልምምድ ያለ አበል ሲሆን የሚችለው ቤተሰቡ የሚደጉመው ብቻ ነው፤ የሌለው ሱቅ ይቆማል፣ ወይም ደላላ ዘንድ ይሄዳል። አበሏ ትንሽ ብትሆንም በሩን ከፍታ ትይዛለች።

ስለዚህ ወላጆች፣ ልጃችሁ ለልምምድ ሲወጣ "ስንት ያመጣል?" ከማለታችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ፦ በየቀኑ ምን ይሠራል? የሚያሳየው ሰው ማን ነው? አበሉ መቼና በማን እጅ ይከፈላል? ሲጨርስ ማን ይፈርምለታል? ሻይ ብቻ የሚያመላልስ ከሆነ ዝም አትበሉ፤ የላከውን ተቋም አነጋግሩ። አበሉን ግን ለቤት አስቤዛ አትቁጠሩት።

ልጅቱ የመጀመሪያውን አበል ስትቀበል ግማሹን ለአባቷ ዘረጋችለት። እሱም ቆጠረውና መልሶ እጇ ላይ አስቀመጠው።

"ለባጃጅሽ ያዢው" አላት። "ነገ እንዳትዘገዪ።"