የዓሣ ማጥመጃ መዘውር ተለዋጭ ማጠንጠኛ፤ አመራረጡና አያያዙ



ሸማኔ ወደ ሥራው ጉድጓድ ከመግባቱ አስቀድሞ ማጉን በብዙ ቀሰም ላይ አጠንጥኖ በአጠገቡ ያኖራል። በመወርወሪያው ውስጥ ያለው ቀሰም ባለቀ ጊዜ ሌላውን አንሥቶ ያገባል እንጂ ድሩን ትቶ ፈትል ሊያጠነጥን አይነሣም። ዛሬ በዚህ ገጽ ልንነጋገርበት ያሰብነው ነገር የዚሁ ብልኀት ዘመድ ነው። ይኸውም በዕረፍቱ ቀን ከልጆቹ ጋራ ወደ ሐይቅ ወርዶ በዘንግና በመንጠቆ ዓሣ ለሚያጠምድ ሰው የሚያስፈልገው፥ በፈረንጅ አፍ ስፑል የሚባለው፥ ተለዋጭ የክር ማጠንጠኛ ነው።

ማጠንጠኛ ማለት ሪል በሚባለው የማጥመጃ መዘውር ራስ ላይ ተሰክቶ ክሩን የሚሸከመው ክፍል ነው። እርሱ ቆሞ ሳለ ክሩ በከንፈሩ ላይ እየተፈታ ይወረወራል፤ መዞሪያውን ባዞሩት ጊዜ ደግሞ በዙሪያው ያለው ሽቦ እየዞረ ክሩን መልሶ ይጠቀልልበታል። ለዛሬው የዚህ ዐይነት መዘውር መነሻ የሆነውን ሠርቶ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1905 የፈጠራ ባለመብትነት ያገኘው አልፍሬድ ሆልደን ኢሊንግዎርዝ የሚባል የእንግሊዝ አገር የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ባለቤት ነበረ። ይህንም ያሰበው በፋብሪካው ውስጥ ከቆመ ማጠንጠኛ ላይ ፈትል ሲፈታ በማየቱ ነው ተብሎ ይነገራል። እንግዲህ በሸማኔ የጀመርነው ያለ ምክንያት አይደለም።

በዚያ ዘመን የማጥመጃው ክር ከሐር ወይም ከተልባ እግር ይሠራ ስለ ነበረ፥ ከውኃ ወጥቶ ካልደረቀ ይበሰብስ ነበር። በ1938 በአሜሪካ ናይሎን ለሕዝብ ከተገለጠ በኋላ ግን ይህ ችግር ቀለለ። ዛሬ ተለዋጭ ማጠንጠኛ የሚያስፈልግበት ዋና ምክንያት አንድ ክር ለዓሣ ሁሉ የማይስማማ መሆኑ ነው። በሐዋሳ ሐይቅ ቆሮሶ ለማጥመድ የሄደ ሰው ቀጭን ክር ይበቃዋል። በጫሞ ሐይቅ ግን ናይል ፐርች የሚባለው ታላቅ ዓሣ አለ፤ ይህም ዓሣ አንዳንድ ጊዜ ከሰው ክብደት የሚበልጥ ይሆናል። ለቆሮሶ በተዘጋጀው ክር ይህን ዓሣ ልያዝ ያለ ሰው ክሩ ይበጠስበታል፤ ዓሣውም መንጠቆውን በአፉ እንደ ያዘ የክሩን ቍራጭ እየጐተተ ይሄዳል። አጥማጁ ያጣው አንድ ምሳ ብቻ ነው፤ ፍጥረቱ ግን ለማንም ሳይጠቅም በከንቱ ይጐዳል። በወፍራሙ ክር ትንሹን ዓሣ የፈለገ ደግሞ ቀላሉን መንጠቆ ርቆ ሊወረውረው አይችልም፤ በጠራ ውኃም ክሩ ስለሚታይ ዓሣው ይሸሻል።

«ሁለት መዘውር መግዛት አይሻልምን?» የሚል ሰው አይጠፋም። አባትና ልጅ በአንድ ጊዜ የሚያጠምዱ ከሆነ በእውነት ሁለት መዘውር ያስፈልጋል። ለአንድ ሰው ግን አንድ መልካም መዘውርና ሁለት ማጠንጠኛ ይበቃዋል። ብዙ ማጠንጠኛ ገዝቶ በሣጥን መከመርም «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የተባለው ዐይነት ነው፤ ሳይሠራበት የሚያረጅ ክር ከንቱ ወጪ ነውና።

በምርጫ ጊዜ አስቀድሞ የሚታየው ልክነቱ ነው። ማጠንጠኛው ከመዘውሩ ጋራ አንድ ፋብሪካ፥ አንድ ስምና አንድ ቍጥር ያለው ይሁን፤ በዐይን ሲያዩት የተመሳሰለ ሁሉ በዘንጉ ላይ በትክክል አይገባም። ፋብሪካዎችም ሥራቸውን በየጊዜው ስለሚለውጡ፥ ተለዋጩን ከመዘውሩ ጋራ በአንድ ቀን መግዛት ይሻላል፤ ከዓመታት በኋላ ሲፈልጉት ላይገኝ ይችላል። ሁለተኛ የሚታየው የፍሬኑ ቦታ ነው። ፍሬኑ ከፊት በኩል በማጠንጠኛው ራስ ውስጥ የሆነ እንደ ሆነ ተለዋጩ የራሱን ፍሬን ይዞ ስለሚመጣ ዋጋው ከፍ ይላል፤ ፍሬኑ በመዘውሩ ጀርባ የሆነ ግን ማጠንጠኛው ቀላልና ርካሽ ነው።

ሦስተኛው ጥልቀቱ ነው። በማጠንጠኛው ላይ ስንት ሜትር ክር እንደሚይዝ ተጽፎ ይገኛል። የክሩ ውፍረት እጥፍ በሆነ ጊዜ የሚይዘው ርዝመት በግማሽ የሚቀንስ ይመስላል፤ ነገር ግን ወደ ሩብ ይወርዳል። 0.25 ሚሊሜትር ክር 200 ሜትር የሚይዝ ማጠንጠኛ የ0.50 ሚሊሜትሩን የሚይዘው 50 ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ የ0.35ቱንም 100 ሜትር ያህል ይይዛል። ስለዚህ ጥልቁን ለወፍራሙ የናይሎን ክር፥ ጥልቀት የሌለውን ደግሞ በ1990ዎቹ ለተስፋፋው ቀጭንና ጠንካራ የተጐነጐነ ክር መመደብ ተገቢ ነው።

የተጐነጐነው ክር በለሰለሰው ብረት ላይ ሳይጨብጥ ስለሚንሸራተት፥ ከሥሩ አስቀድሞ ጥቂት ሜትር ናይሎን ይጠቅለልና ከዚያ በላይ እርሱ ይቀጠል። ማናቸውም ክር ሲጠቀለል አንድ ሰው በእርጥብ ጨርቅ ጠበቅ አድርጎ ይያዝለት፤ ላልቶ የገባ ክር በውርወራ ጊዜ እየተተበተበ ይወጣልና። ክሩም ከማጠንጠኛው ከንፈር ሁለት ሚሊሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ይቁም። ከዚህ አልፎ ቢሞላ ክሩ በብዙ ቀለበት አንድ ጊዜ ይወድቃል፤ እጅግ ቢጐድል ደግሞ ከንፈሩን እየታከከ ስለሚወጣ ርቆ አይሄድም።

ማጠንጠኛውን በሐይቅ ዳር የሚለውጥ ሰው የሚከተለውን ይጠብቅ። አስቀድሞ ሽቦውን ይክፈት፤ ቀጥሎ የፊቱን ፍሬን ፈትቶ፥ ወይም መጫኛውን ተጭኖ፥ የፊተኛውን ያውጣ። ከሥሩ በዘንጉ ላይ ያለችው ትንሽ ሮንዴላ ከማጠንጠኛው ጋራ ተጣብቃ ወጥታ እንዳትጠፋ ይመልከት፤ ክሩ እኩል እንዲጠቀለል የምታደርገው እርስዋ ናትና። አዲሱን ካገባ በኋላ ሽቦውን በእጁ ዘግቶ ሁለት ሦስት ጊዜ ያዙረው። ከዚያ በኋላ ፍሬኑን እንደ ክሩ ኃይል ይመጥነው። ልኩም ክሩ ከሚሸከመው ኃይል ከሩብ እስከ ሢሶ ነው፤ ስድስት ኪሎ ለሚችል ክር ከአንድ ኪሎ ተኩል እስከ ሁለት ኪሎ ማለት ነው። ይህንም በሚንጠለጠል ሚዛን ክሩን ስቦ ማወቅ ይቻላል። ማጠንጠኛውን ለውጦ ፍሬኑን ያልመጠነ ሰው ወፍራሙን ክር ቢያገባም የደከመለትን ዓሣ ሊያጣ ይችላል።

ወደ ቤት በተመለሱ ጊዜ ፍሬኑን ማላላት ያስፈልጋል፤ በውስጡ ያሉት ስስ ክቦች ተጨምቀው እንዳይቀሩ ነው። ማጠንጠኛው በንጹሕ ውኃ ታጥቦ ይድረቅ፤ ፀሓይ ናይሎንን ስለሚያደክመውም በጨርቅ ከረጢት ይቀመጥ። በእያንዳንዱ ላይ የክሩን ውፍረት፥ የሚሸከመውን ኪሎና የተጠቀለለበትን ቀን የሚናገር ትንሽ ወረቀት ቢለጠፍበት ስሕተት አይኖርም። ያረጀውን ክር በሐይቅ ዳር መጣል ግን ነውር ነው። ናይሎን ብዙ ዘመን ሳይበሰብስ ይኖራል፤ የውኃ ወፎችም እግራቸውና ክንፋቸው ይታሰርበታል። ስለዚህ ተሰብስቦ ወደ ቤት ይመለስና በአጭር በአጭሩ ተቈርጦ ከቍሻሻ ጋራ ይወገድ።

ይህን ሥራ ለብቻ ከመሥራት ይልቅ ከልጆች ጋራ መሥራት እጅግ የሚጠቅም ነው። የዘብዴዎስ ልጆች ያዕቆብና ዮሐንስ በተጠሩ ጊዜ ከአባታቸው ጋራ በታንኳ ውስጥ መረባቸውን ሲያበጁ እንደ ነበሩ ወንጌል ይነግረናል፤ ማጥመድ ብቻ ሳይሆን ማበጀትም የአባትና የልጅ ሥራ እንደ ነበረ ከዚህ እንረዳለን። ዛሬም ልጅ ክሩን በእርጥብ ጨርቅ ይዞ፥ አባት መዞሪያውን እያዞረ፥ እናት ወይም እኅት ቀኑንና ኪሎውን በወረቀቱ ላይ ብትጽፍ፥ ልጆቹ መመጠንን፥ መጠንቀቅንና ለፍጥረት መራራትን በአንድ ማታ ይማራሉ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንደሚባለው፥ ይህን ሁሉ በማለዳ በመኪና ደጃፍ ላይ ልሥራ የሚል ሰው ግማሽ ቀኑን ክር ሲፈታ ይውላል። ስለዚህ ለቅዳሜ ጕዞ ማጠንጠኛው ዐርብ ማታ ተሞልቶና ተጽፎበት በከረጢቱ ይደር።