ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም፦ ስለ ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላንና ስለ ባለቤቱ

በአሜሪካ ሥራው የሰመረለት ነጋዴ፣ ሐኪም ወይም ተቋራጭ ገንዘብ ሲተርፈው ከሚመኛቸው ነገሮች አንዱ ራሱ የሚያበርረው አውሮፕላን ነው። መጀመሪያ ባለ አንድ ሞተር ትንሽ አውሮፕላን ይገዛል። ጥቂት ዓመታት ከበረረበት በኋላ ዓይኑ ከፍ ወዳለው ይሄዳል፤ ወደ ባለ ሁለት ሞተሩ ተርቦፕሮፕ። ለሚስቱና ለልጆቹ የሚሰጠው ምክንያትም ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ሁለት ሞተር አለው፤ አንዱ ቢጠፋ በሌላው እንገባለን።»

ይህ አባባል እውነት የሚሆነው መሪውን የያዘው ሰው ለዚያች ቅጽበት ከተዘጋጀ ብቻ ነው። ካልተዘጋጀ ሁለተኛው ሞተር ከመጀመሪያው የባሰ ጠላት ይሆናል።

ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ ወይም ወደ ባሕር ዳር በኪው 400 የተጓዘ ሰው ተርቦፕሮፕን ያውቀዋል። ሞተሩ የጄት ዓይነት ነው፤ ጉልበቱን ግን በዋናነት የሚያውለው ፕሮፔለር ለማዞር ነው። እነ ኪንግ ኤር የዚሁ ቤተሰብ ታናናሾች ናቸው። ጥቂት ሰዎችን ይጭናሉ፣ ከብዙው ደመና በላይ ይበርራሉ፣ ጄት በማይደፍረው አጭር መንደርደሪያ ላይ ያርፋሉ። ልዩነቱ ያለው ከፊት ወንበር ላይ ነው። በኪው 400 ሁለት ፓይለቶች ይቀመጣሉ፤ በየጊዜው ሲሙሌተር ውስጥ ገብተው ይፈተናሉ፤ ከጀርባቸውም የአየሩን ሁኔታ አይቶ «ዛሬ አይሆንም» የሚል መሥሪያ ቤት አለ። በግል አውሮፕላን ግን ፓይለቱም፣ አለቃውም፣ ጉዞው ይቅር ወይስ ይቀጥል ብሎ የሚወስነውም አንድ ሰው ነው። ያ ሰው ደግሞ ሰኞ ጠዋት ሌላ ሥራ አለው።

ሕጉስ ምን ይላል? በአሜሪካ ፓይለቱ ለዚያው ሞዴል ብቻ የሚሰጥ የተለየ ፈቃድ እንዲያወጣ የሚገደደው አውሮፕላኑ ጄት ከሆነ ወይም የመነሻ ክብደቱ ከ12,500 ፓውንድ፣ ማለትም ከ5,670 ኪሎ ግራም በላይ ከሆነ ነው። ከዚያ በታች ላለው ተርቦፕሮፕ በመሠረቱ የባለ ሁለት ሞተር ፈቃድና ጥቂት ማረጋገጫዎች ይበቃሉ። ብዙውን ባለቤት ወደ ሥልጠና የሚገፋው ከሕጉ ይልቅ የኢንሹራንስ ኩባንያው ነው። ክብደት ግን የአውሮፕላንን ባሕርይ አይለካም።

አንድ ሞተር ሲጠፋ የሚጎድለው ግማሽ ጉልበት ብቻ አይደለም። የሚሠራው ሞተር አውሮፕላኑን ወደ ሞተው ጎን ይገፋዋል። የቆመው ፕሮፔለርም ስለቶቹ ከነፋሱ ጋር ካልተስተካከሉ እንደ ተከፈተ በር አየሩን ይገታል። ፓይለቱ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ የጅራቱን መሪ በእግሩ ወደ ትክክለኛው ጎን መርገጥ፣ አፍንጫውን ዝቅ አድርጎ ፍጥነቱን መጠበቅ፣ የጠፋው የትኛው ሞተር እንደሆነ ማረጋገጥና ፕሮፔለሩን ማስተካከል አለበት። ፍጥነቱ ከተወሰነ ልክ በታች ከወረደ የጅራቱ መሪ አቅም ያጣል፤ አውሮፕላኑም ይገለበጣል። በአብራሪዎች ዘንድ የቆየ ቀልድ አለ፦ ሁለተኛው ሞተር ሥራው አደጋው ቦታ ድረስ ማድረስ ነው ይላሉ።

ለዚህ ሁሉ ከሚትሱቢሺ ኤም ዩ 2 የተሻለ ምስክር የለም። ይህ የጃፓን አውሮፕላን መጀመሪያ የበረረው እ.ኤ.አ. በ1963 ሲሆን፣ ምርቱ እስከቆመበት እስከ 1980ዎቹ አጋማሽ ድረስ 700 ያህል ተሠርቷል። ክንፉ ትንሽ ስለሆነ ፈጣን ነው። በክንፉ ሙሉ ርዝመት የተዘረጋው ፍላፕ ደግሞ በዝግታ እንዲያርፍ ያስችለዋል። ፍላፑ ቦታውን ሁሉ ስለያዘው አውሮፕላኑን ወደ ጎን የሚያዘነብለው ከክንፉ ላይ ብድግ የሚል ስፖይለር ነው። ችግሩም እዚህ ላይ ነው። አንድ ሞተር ሲጠፋ በሌላ አውሮፕላን የለመደ ፓይለት የወደቀውን ክንፍ ለማንሳት መሪውን ያጣምማል። በኤም ዩ 2 ይህ ማለት በደህናው ክንፍ ላይ ስፖይለር አንስቶ የቀረችውን ማንሻ ኃይል መቀነስ ማለት ነው። በሌላ አውሮፕላን ያዳነው ልማድ እዚህ ይገድለዋል።

አውሮፕላኑ አርጅቶ ዋጋው ሲወርድ ብዙዎች እጅ ገባ። አደጋውም በዛ፤ «ገዳዩ» የሚል ስም ወጣለት። እ.ኤ.አ. በ2004 እና በ2005 ተከታታይ አደጋዎች ከደረሱ በኋላ ከበረራ ይታገድ የሚል ጥያቄ ከአሜሪካ ምክር ቤት አባል ጭምር ቀረበ። የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደሩ መረመረ። ንድፉ ደረጃውን የሚያሟላ ሆኖ አገኘው። ስለዚህ ፊቱን ወደ ፓይለቱ አዞረ። በ2008 በወጣው ልዩ ደንብ ኤም ዩ 2ን የሚያበርር ሁሉ በአንድ ወጥ መርሐ ግብር እንዲሠለጥን፣ ሥልጠናውን በየዓመቱ እንዲያድስና አንድ ዓይነት የማረጋገጫ ዝርዝር እንዲጠቀም ተገደደ። በሌላ አውሮፕላን ላይ የተሠራ ልምምድ አይቆጠርለትም። ከዚያ በኋላ ገዳይ አደጋው በእጅጉ ቀነሰ። ክንፉም ሞተሩም ያው የድሮው ነው፤ የተለወጠው ሰውየው ነው። ደንቡም በ2016 ቋሚ ሕግ ሆነ።

በዚያው ዓመት መጋቢት ውስጥ ግን ነገሩ እንዳላበቃ ታየ። የካናዳ የትራንስፖርት ሚኒስትር የነበሩት ዣን ላፒየር ወደ አባታቸው ቀብር ሲሄዱ፣ የተሳፈሩበት ኤም ዩ 2 በኬቤክ ማግዳሌን ደሴቶች ለማረፍ ሲቃረብ ወደቀ። ባለቤታቸውንና ወንድም እህቶቻቸውን ጨምሮ ሰባቱም ሰዎች ሞቱ። ሞተሮቹ አልጠፉም። የካናዳ መርማሪዎች እንደደረሱበት፣ አውሮፕላኑ ለማረፍ የመጣው ከልክ በላይ ከፍ ብሎና ፈጥኖ ነበር። ፓይለቱ አቋርጦ ዞሮ እንደመመለስ ቀጠለ። በመጨረሻ ፍጥነቱ ከመጠን በላይ ሲወርድ ጉልበት በድንገት ሲሰጠው አውሮፕላኑ ወደ ቀኝ ተጠመዘዘ፤ ለማቃናት የሚሆን ከፍታ አልነበረም። ፓይለቱ ግዴለሽ አልነበረም። ሕግ የማያስገድደውን ትንሽ የበረራ መቅረጫ በፈቃዱ ጭኖ ነበር፤ መርማሪዎቹም ብዙውን ያወቁት ከዚያ ነው። የጎደለው ያንን አውሮፕላን ብቻውን ለማብረር የሚበቃ ልምምድ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞዎች ይነሳሉ። የመጀመሪያው «ገንዘቤ፣ አውሮፕላኔ፣ ሕይወቴ» የሚለው ነው። ከኋላ የሚቀመጡት ሚስት፣ ልጆችና የሥራ ባልደረቦች ግን የፓይለቱን የልምምድ መዝገብ ገልጠው አይሳፈሩም፤ የሚያምኑት ሰውየውን ነው። ከታች ባለው ቤት የተኛውማ ምንም አልተጠየቀም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይከብዳል፦ ፈቃድ ያለውም ይወድቃል። እውነት ነው። እ.ኤ.አ. ሰኔ 30 ቀን 2019 በቴክሳስ አዲሰን ኪንግ ኤር 350 ሲነሳ የግራ ሞተሩ ጉልበት አጣ፤ አሥር ሰዎች ሞቱ። ይህ ሞዴል ከክብደት ገደቡ በላይ ስለሆነ ልዩ ፈቃድ የሚጠይቅ ነው። የአሜሪካ መርማሪዎች እንዳረጋገጡት ግን መጀመሪያ የተረገጠው የጅራት መሪ ወደ ግራ፣ ማለትም ወደ ተሳሳተው ጎን ነበር። ይህ የሚያሳየው ሥልጠና ከንቱ መሆኑን አይደለም። አንድ ጊዜ ተምሮ ወረቀት ኪስ ውስጥ መክተት ሥልጠና አለመሆኑን ነው። እግር ሳያስብ ትክክለኛውን ጎን የሚረግጠው ተደጋግሞ ሲለማመድ ብቻ ነው።

ስለዚህ የክብደት ገደቡ መለኪያነቱ ይብቃ። አውሮፓ ለባለ ሁለት ሞተር ተርቦፕሮፕ በሞዴሉ የተለየ ፈቃድ ይጠይቃል፤ አሜሪካም በኤም ዩ 2 የተማረችውን ለቀሩት ማዋል አለባት። ለዚያ ሌላ አደጋ፣ ሌላ የቀብር ጉዞ መጠበቅ አያስፈልግም።

ሕጉ እስኪመጣ ባለቤቱ እጁን አጣጥፎ መቀመጥ የለበትም። አውሮፕላን ሲገዛ ለነዳጅ፣ ለጥገናና ለሃንጋር ኪራይ እንደሚመድብ ሁሉ የሲሙሌተር ሥልጠናን በየዓመቱ የሚከፈል ወጪ ያድርገው። ለመለማመድ ጊዜ ያጣ እንደሆነ ሁለተኛ ፓይለት ይቅጠር፤ አውሮፕላን የገዛ ሰው ለዚህ አቅም አያንሰውም። ዝግጁ ባልሆነበት ቀን ደግሞ «ዛሬ አልበርርም» ለማለት አይፈር።

አባቶች ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ብለዋል። ሁለት ሞተርም እንዲሁ ነው። ውጊያው ሲመጣ የሚዋጋው ኮርቻው ላይ ያለው ሰው ነው።